ስድስት ጡብ፣ አንድ መነሻ ቁጥር

ጀርባቸው ላይ ሁለት በአራት የተደረደሩ ስምንት ጉጦች ያሏቸው፣ ቀለማቸውም መጠናቸውም አንድ የሆነ ስድስት የሌጎ ጡቦች በስንት ዓይነት መንገድ ሊገጣጠሙ ይችላሉ? ብዙ ሰው «ጥቂት ሺህ» ብሎ ይገምታል። ደፋሩ «አንድ ሚሊዮን» ይላል። የዴንማርኩ ፋብሪካ ራሱ ለብዙ ዓመታት 102,981,500 እያለ ሲናገር ኖሯል። ትክክለኛው መልስ 915,103,765 ነው።

ይህን ቁጥር ያወጣው በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህር የሆነው ሶረን አይለርስ ሲሆን፣ ቀመር ቢፈልግ ስላላገኘ ኮምፒውተር አንድ በአንድ እንዲቆጥርለት አደረገ። ሚኬል አብራሃምሰን የሚባል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም በራሱ መንገድ ሌላ ፕሮግራም ጽፎ ያንኑ ቁጥር አገኘ። ፋብሪካው የተሳሳተው በስሌት አልነበረም። የቆጠረው ጡብ በጡብ ላይ እየተደረበ ስድስት ደረጃ ከፍ የሚለውን ማማ ብቻ ስለነበር፣ ሁለት ጡቦች ጎን ለጎን አንድ ጡብ ላይ የሚቀመጡባቸውን ቅርጾች በሙሉ ትቷቸዋል።

የቁጥሩን አመጣጥ በሁለት ጡብ እንየው። የታችኛው ጡብ ይቀመጥ። የላይኛው አቅጣጫው ከታችኛው ጋር አንድ ከሆነ በርዝመቱ 7፣ በወርዱ 3 የተለያየ ቦታ ይይዛል፤ ሲባዛ 21። ተሻግሮ መስቀለኛ ከተቀመጠ ደግሞ በርዝመትም በወርድም 5 ቦታ አለው፤ ሲባዛ 25። ድምሩ 46 ነው። ከነዚህ ውስጥ 44ቱ ግማሽ ዙር ሲዞሩ አንዱ ሌላውን ስለሚሆኑ በጥንድ 22 ይሆናሉ፤ የቀሩት ሁለቱ፣ ማለትም ልክ በልክ የተደረበውና መሃል ለመሃል የተሻገረው፣ ቢዞሩም ያው ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ መልሱ 24 ነው። በሦስት ጡብ 1,560፣ በአራት 119,580፣ በአምስት 10,166,403 ይሆናል። አንድ ጡብ በተጨመረ ቁጥር ከስልሳ አምስት እስከ ዘጠና እጥፍ ይዘላል።

እነዚህን ዘጠኝ መቶ ሚሊዮን ቅርጾች ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ በየሴኮንዱ አንድ የሚያይ ሰው 29 ዓመት ይፈጅበታል። ያውም ስድስት ጡብ ብቻ ነው። ሁሉን ማየት ካልተቻለ የቀረው መንገድ ዕጣ ማውጣት ነው፤ ኮምፒውተሩ በዘፈቀደ አንድ ቅርጽ ይሥራ፣ ይሳለው፣ እንየው። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ይኸው ነው።

ጎጃም ውስጥ ቢቸና ወይም ሞጣ የሚኖር ልጅ የሌጎ ጡብ በእጁ ይዞ ላያውቅ ይችላል። ከውጭ የሚመጣ ውድ መጫወቻ ነው። እዚህ የምንሠራው ሥራ ግን ፕላስቲኩን ጨርሶ አይጠይቅም። የሚያስፈልገው አንድ ያረጀም ቢሆን የሚሠራ ኮምፒውተር፣ በነጻ የሚገኙ ሁለት ሦስት ፕሮግራሞችና ትዕግሥት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና መሠረታዊ ፕሮግራሚንግ የተማሩ ወጣቶች «አሁን ምን ልሥራበት?» ሲሉ ለሚያነሱት ጥያቄ፣ በእኔ ግምት ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ሥራ ብዙ የለም። ጉዳዩ መጫወቻ ቢሆንም ውስጡ ሒሳብም፣ ሥነ ሕንጻም፣ ብርሃንም አለ።

ጡቡ በቁጥር ሲጻፍ

ጎትፍሬድ ኪርክ ክርስቲያንሰን እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1958 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ጡብ ዛሬም መጠኑ አልተለወጠም፤ የዚያን ዘመን ጡብ ከዛሬው ጋር ይገጥማል። ከአንዱ ጉጥ መሃል እስከ ሌላው ጉጥ መሃል 8 ሚሊ ሜትር ነው። የጡቡ ቁመት 9.6 ሚሊ ሜትር፣ የስሱ ጡብ ደግሞ የዚያ ሲሶ፣ 3.2 ነው። የጉጡ ስፋት 4.8 ነው።

እነዚህ ነጥብ ያለባቸው ቁጥሮች ለፕሮግራም ጸሐፊ አይመቹም። እ.ኤ.አ. በ1995 ጄምስ ጄሲማን የሚባል አውስትራሊያዊ ኤልድሮው የተሰኘውን የፋይል ዓይነትና ፕሮግራም ሲሠራ፣ 0.4 ሚሊ ሜትርን አንድ አሃድ አደረገው። በዚህ ልኬት የጉጥ ርቀት 20፣ የጡብ ቁመት 24፣ የስሱ ጡብ ቁመት 8፣ የጉጥ ስፋት 12 ይሆናል፤ ሁሉም ሙሉ ቁጥር። ጄሲማን ከሁለት ዓመት በኋላ በጉንፋን ሕመም ገና በወጣትነቱ አረፈ። የተወው የፋይል አጻጻፍ ግን ዛሬም የዓለም የጡብ አፍቃሪዎች የጋራ ቋንቋ ነው።

አጻጻፉ ቀላል ስለሆነ በተራ የጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም ይሠራል። አንድ ጡብ አንድ መስመር ነው። ቀዩ ሁለት በአራት ጡብ በመነሻው ቦታ ላይ ሲቀመጥ እንዲህ ይጻፋል፤

1 4 0 0 0 1 0 0 0 1 0 0 0 1

ከዚያ በኋላ የጡቡ ፋይል ስም ይከተላል፤ ለሁለት በአራቱ 3001 ነው። የመጀመሪያው 1 «ይህ ጡብ ነው» ይላል። 4 ቀዩ ቀለም ነው። ቀጥለው ያሉት ሦስት ቁጥሮች ቦታውን፣ የመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ቁጥሮች የጡቡን አዟዟር ይነግራሉ። መስቀለኛ ለማስቀመጥ ዘጠኙን 0 0 1 0 1 0 -1 0 0 ማድረግ በቂ ነው። ስለዚህ «ሞዴል» ማለት የመስመሮች ዝርዝር ነው፤ በዘፈቀደ ሞዴል መሥራት ማለትም እነዚህን መስመሮች የሚጽፍ ፕሮግራም መጻፍ ማለት ነው።

ሁለት ወጥመዶች ጀማሪን ይጠብቁታል። አንደኛው፣ በኤልድሮው ከፍታ የሚቆጠረው ወደታች ነው፤ ሁለተኛውን ደርብ ለመሥራት 24 መደመር ሳይሆን 24 መቀነስ ያስፈልጋል። ይህን የዘነጋ ሰው ሕንጻው ወደ ምድር ሲሰምጥ ያያል። ሁለተኛው፣ የጡቡ ቦታ የሚለካው ከመሃሉ ነው። 2 እና 4 ተጋማሽ ስለሆኑ የጡቡ መሃል ሁልጊዜ በ20 ብዜት ላይ ያርፋል። ባለ 3 ጉጥ ጡብ ሲመጣ ግን መሃሉ ጉጥ ላይ ስለሚውል 10 መጨመር ወይም መቀነስ ግድ ይላል። ይህች 10 ስንቱን አስመሽታለች!

የፕሮግራሚንግ ቋንቋው ፓይተን ቢሆን ደግሞ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ጥቅም አለ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለገባና ከ2008 ጀምሮ ፓይተን 3 ከላቲን ውጭ ባሉ ፊደላት የተጻፉ ስሞችን ስለሚቀበል፣ «ጡብ»፣ «ቁመት»፣ «ቀለም» ብሎ በግዕዝ ፊደል የተለዋዋጭ ስም መስጠት ይቻላል። የቋንቋው ትእዛዞች ባዕድ ሆነው ቢቀሩም፣ የነገሩ ስሞች የራሳችን ሲሆኑ ኮዱ ለጀማሪ ግማሽ በግማሽ ይገለጥለታል።

ኮምፒውተር ዕጣ ሲያወጣ

ኮምፒውተር በራሱ ዕጣ ማውጣት አይችልም። የታዘዘውን ብቻ የሚያደርግ መሣሪያ «ደስ ያለህን ቁጥር ጥራ» ሲባል የሚጠራው የለውም። ስለዚህ ይቀመራል። በጣም ትንሹን ቀመር በወረቀት ላይ እንሥራው፤ አንድ ቁጥር ውሰድ፣ በ5 አባዛ፣ 3 ጨምር፣ ለ16 አካፍለህ ቀሪውን ያዝ። ቀሪው ቀጣዩ ቁጥር ነው። ከ7 ብንነሳ 38 ይመጣል፤ ለ16 ሲካፈል ቀሪው 6 ነው። ከ6 ደግሞ 33፤ ቀሪው 1። እንዲህ ሲቀጥል፤

7፣ 6፣ 1፣ 8፣ 11፣ 10፣ 5፣ 12፣ 15፣ 14፣ 9፣ 0፣ 3፣ 2፣ 13፣ 4

ከዚያ ተመልሶ 7። ላየው ሰው ቅደም ተከተል የሌለው ይመስላል። ግን አሥራ ስድስቱም ቁጥሮች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ወጥተዋል። ይህ የዕቁብ ዕጣ ነው፤ አንዴ የደረሰው ሰው ዙሩ እስኪያልቅ አይደርሰውም። እውነተኛ ዕድል እንዲህ አይሠራም። ዳይ ስንጥል 6 ወጥቶ ወዲያው ደግሞ 6 ሊወጣ ይችላል።

የባሰ ጉድለትም አለበት። ዝርዝሩን ደግመው ይዩት፤ ጎደሎ፣ ሙሉ (ተጋማሽ)፣ ጎደሎ፣ ሙሉ እያለ ሳይዛነፍ ይሄዳል። «ቁጥሩ ጎደሎ ከሆነ ጡቡን በቁመቱ፣ ሙሉ ከሆነ መስቀለኛ አስቀምጥ» ብለን ብናዝዝ፣ በዘፈቀደ የተሠራ የመሰለን ግንብ አንዱ ጡብ በቁመት ሌላው በመስቀል እየተፈራረቀ ወታደራዊ ሰልፍ ይሆናል። ለዚህ ነው ትላልቆቹ ፕሮግራሞች የተሻለ ቀመር የሚጠቀሙት። ፓይተን ውስጥ ያለው መርሴን ትዊስተር የሚባለው፣ በጃፓናውያኑ ማትሱሞቶና ኒሺሙራ እ.ኤ.አ. በ1997 የተፈለሰፈው ሲሆን፣ ዙሩ ሳይደገም የሚሄድበት ርዝመት 2ን በራሱ 19,937 ጊዜ አባዝቶ 1 የመቀነስ ያህል ነው። ጽፎ ለመጨረስ ስድስት ሺህ ያህል አኃዝ ይፈልጋል።

ትንሹም ሆነ ትልቁ ቀመር አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ መነሻ ቁጥሩ አንድ ከሆነ ውጤቱም አንድ ነው። ከ7 የተነሳ ሁሌም 6ን ከዚያም 1ን ያገኛል። ይህ ጉድለት ይመስላል። ለእኛ ሥራ ግን ዋናው ሀብት ይኸው ነው፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

ፍርስራሽና ሕንጻ

አሁን የመጀመሪያውን ፕሮግራም በአማርኛ እንጻፈው።

አንድ ጡብ መሬት ላይ አስቀምጥ።
ከተቀመጡት ጡቦች አንዱን በዕጣ ምረጥ።
ከ46ቱ ቦታዎች አንዱን በዕጣ ምረጥ፤ ከላይ ይሁን ከታችም በዕጣ።
ቦታው በሌላ ጡብ ካልተያዘ አስቀምጥ፤ ከተያዘ ዕጣውን ጥለህ ድገም።
የተፈለገው ብዛት እስኪሞላ ቀጥል።

«ቦታው ተይዟል?» ለሚለው ጥያቄ የሚሻለው ዘዴ ዓለሙን በጉጥ ልክ ወደ ሕዋሳት ከፋፍሎ የተያዙትን ሕዋሳት መመዝገብ ነው። ሁለት በአራት ጡብ ስምንት ሕዋስ ይይዛል። አዲስ ጡብ ሲመጣ ስምንቱም በመዝገቡ ውስጥ ከሌሉ ይገባል። አንዷ እንኳ ካለች ይመለሳል።

ይህ ፕሮግራም ይሠራል። ውጤቱ ግን አያስደስትም። አንዴ፣ ሁለቴ ይገርማል፤ አሥረኛው ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ የፕላስቲክ ክምር ይመስላል። ከዘጠኝ መቶ ሚሊዮን ቅርጾች ውስጥ አብዛኞቹ በስም የማይጠሩ ጉብታዎች ናቸው። በዚያ ላይ ዕጣው እኩል አይደለም። ፕሮግራሙ ጡቦችን እየጨመረ ሲሄድ አንዳንዱን ቅርጽ በብዙ የተለያየ መንገድ ሊደርስበት ይችላል፣ ሌላውን በጥቂት። ብዙ መንገድ ያለው ቅርጽ ብዙ ጊዜ ይወጣል። ሁሉንም ቅርጾች በእኩል ዕድል ማውጣት የሚፈልግ ሰው ከዚህ ረቀቅ ያለ ዘዴ ያስፈልገዋል፤ ለደስታ የሚሠራ ሰው ግን ይህ ብዙም አያስጨንቀውም።

የሚያስጨንቀው መቆሙ ነው። ጡቦችን አንዱን ከሌላው ጋር እያያያዝን ከጨመርን ሞዴሉ አይበጠስም። ግን ሁለት ቦታ ጀምረን መሃል ላይ ለማገናኘት ስንሞክር፣ ወይም ለማሳመር ብለን የተወሰኑ ጡቦችን ስናወጣ፣ ሳናውቀው ሁለት ቦታ ይከፈላል። ሥዕሉ ላይ አይታወቅም፤ በሥዕል ውስጥ የሚወድቅ ነገር የለም። ማረጋገጫው አንድ ጡብ ላይ ምልክት አድርጎ መነሳት ነው። እሱን በጉጥ የነኩትን ሁሉ ምልክት አድርግ፤ እነዚያን የነኩትን ደግሞ፤ የሚጨመር እስኪጠፋ ቀጥል። በመጨረሻ ምልክት የተደረገባቸው ጡቦች ከጠቅላላው ካነሱ ሞዴሉ ተሰብሯል ማለት ነው።

የሞጣ ሰው መሃሉ የተቆረጠ ሥራ ምን እንደሆነ ያውቃል። ከሞጣ ቆላ ወርዶ ጎጃምን ከጎንደር ያገናኝ የነበረው፣ በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የዓባይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን መሃሉ ከፈረሰ ወዲህ ስሙ «ሰባራ ድልድይ» ሆኖ ቀረ። ሁለቱ ጎኖች ቆመዋል፣ ድንጋዩ ጤነኛ ነው፤ ግን ከዚህኛው ጫፍ ተነስቶ ምልክት እያደረገ የሚሄድ ሰው ከዚያኛው ጫፍ አይደርስም። መንገደኛው በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ያን የሚያሳይ ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ናሽናል ጂኦግራፊክ ላይ ያየው አሜሪካዊው ኬን ፍራንትዝ በ2002 ክፍተቱን አስጠገነ፤ በሌሎች አገሮችም የእግረኛ ድልድይ የሚሠራ ድርጅት ያቋቋመው ከዚሁ ተነስቶ ነው። ጥገናውን በኋላ ጎርፍ ወሰደው፤ ቀጥሎም በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

ይህን ድልድይ በጡብ ለመሥራት የሚነሳ ፕሮግራም ግን ሌላ ነገር ማወቅ አለበት። የድንጋይ ቅስት የሚቆመው ድንጋዮቹ እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ነው፤ ሸክሙ ወደ ጎንና ወደ ታች ወርዶ በሁለቱ እግሮች ላይ ያርፋል። የመጫወቻ ጡብ በጉጡ ተቆንጥጦ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ቅስቱ የሚሠራው በየደርቡ አንድ ጉጥ ወደ መሃል እየወጣ፣ ከሁለቱም ወገን እንደ ደረጃ እየተቃረበ ነው። ለፕሮግራሙ የሚሰጠው ሕግ አጭር ነው፤ አዲሱ ጡብ ከታችኛው ውጭ የሚንጠለጠለው ክፍል ከግማሹ አይብለጥ። ይህች አንዲት ሕግ ስትጨመር ክምሩ ድልድይ መምሰል ይጀምራል። በዘፈቀደ የሚቀረው የቅስቱ ስፋት፣ የእግሮቹ ውፍረትና የጡቦቹ አሰላለፍ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አቋሜን ልናገር። በዘፈቀደ በሚሠራ ሥራ ውስጥ ጥበቡ ያለው ለዕጣ የማይሰጠውን በመምረጥ ላይ ነው። ዕጣው ራሱ ርካሽ ነው፤ ማንኛውም ማሽን ያወጣዋል። በእጅ ስልክ ላይ የሚሠሩት ማለቂያ የሌላቸው የሩጫ ጨዋታዎች፣ የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ የሠራው ዶሮዋ የምትሮጥበት «ኩኩሉ» ዓይነት፣ ተጫዋቹን የሚይዙት መሰናክሉ ድንገተኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም። መሰናክሉ ሁልጊዜ ሊታለፍ የሚችል መሆን አለበት፤ ያንን የሚጠብቀው ሕግ ነው። የጎጃም አንባቢ በዲማ ወይም በደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ የሚያቀርበውን ተማሪ ያስታውስ ይሆናል። ዜማው ልክ ነው፣ ቤቱ ልክ ነው፣ ነገሩ ግን የትናንቱ መሆን የለበትም። ተመሳሳይነቱን እቀበላለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን ባናስኬደው ይሻላል። የእኛ ፕሮግራም ምሥጢር የለውም፣ ተቀባይ መምህርም የለውም።

ክብ ቤተ ክርስቲያን በአራት ማዕዘን ጡብ

በምሥራቅ ጎጃም መንገድ ከደጀን ወደ ቢቸና፣ ከዚያም በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚሄድ ሰው በየኮረብታው ዛፍ የከበበው ክብ ቤተ ክርስቲያን ያያል። ለፕሮግራማችን ከዚህ የተሻለ ርእስ አይገኝም፤ ሕጉ ጥብቅ ነው፣ የሚለዋወጠውም ብዙ ነው። መሃል ላይ አራት ማዕዘን መቅደስ፣ በዙሪያው ቅድስት፣ ከዚያ ውጭ ቅኔ ማሕሌት። በሮቹ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ ናቸው። ጣሪያው ሾጣጣ፣ ጫፉ ላይ ጉልላት አለው። እነዚህ ለዕጣ አይሰጡም።

ክቡን ከአራት ማዕዘን ሕዋስ ለማውጣት ማጠፊያ አያስፈልግም። እያንዳንዱን ሕዋስ «ከመሃል ምን ያህል ትርቃለህ?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። ወደ ምሥራቅ ያለውን ርቀት በራሱ አባዛ፣ ወደ ሰሜን ያለውንም በራሱ አባዛ፣ ደምር። የውጭው ግድግዳ ራዲየስ 12 ጉጥ ቢሆን ድምሩ ከ121 በላይ ሆኖ ከ144 ያልበለጠ ሕዋስ ግድግዳ ነው፤ ሌላው ባዶ ነው። ጠርዙ እንደ ጥርስ ወጣ ገባ ይላል። ራዲየሱ 5 ከሆነ ጥርሱ ያስቀይማል፤ 12 ላይ ዓይን ክብ ነው ብሎ ይቀበለዋል፤ 20 ላይ ጥርሱ ይረሳል። ጣሪያውም ያው ቀመር ነው፤ በየደርቡ ራዲየሱን አንድ እየቀነሱ መውጣት።

ሕዋሳቱ ከተለዩ በኋላ በጡብ መሸፈን አለባቸው። ይህ ግንበኛ ሁሉ የሚያውቀው ጉዳይ ነው፤ የላይኛው ረድፍ መጋጠሚያ በታችኛው መጋጠሚያ አናት ላይ መዋል የለበትም፤ ከዋለ ግድግዳው በዚያ በኩል ይሰነጠቃል። ፕሮግራሙ በየረድፉ በዕጣ ከሚመርጠው ቦታ ተነስቶ ባለ 1፣ ባለ 2፣ ባለ 3 ወይም ባለ 4 ጉጥ ጡብ በዕጣ እያነሳ ይሞላል። መጋጠሚያው ከታችኛው ጋር ከገጠመ ያንን ጡብ ይጥልና ሌላ ርዝመት ይሞክራል።

ለዕጣ የምንሰጠውን ደግሞ እንወስን። ራዲየሱ ዘጠኝ ምርጫ፣ የግድግዳው ቁመት ስድስት፣ የመስኮቱ ብዛት አምስት፣ የቀለም ስብስቡ አራት ምርጫ ይኑረው። ሲባዛ 1,080 ዓይነት ቤተ ክርስቲያን ነው። ከ915,103,765 ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ግን ከ1,080ው ውስጥ እያንዳንዱን ብናወጣ የቢቸና ሴት አያት አይታ «ይህማ ቤተ ክርስቲያን ነው» ትላለች። ስለ ሌላኛው ክምር ምን እንደምትል አንባቢ ይገምት።

ብርሃኑን ከየት እናምጣ

የቁጥር ዝርዝሩ ወደ ሥዕል የሚለወጥበት ሥራ ሬንደር ማድረግ ይባላል። የኤልድሮውን ፋይል ፖቭሬይ ለሚባለው ነጻ ፕሮግራም የሚተረጉም መሣሪያ አለ፤ ኤልስሪፒ ይሉታል። ፖቭሬይ የሚሠራው ተርነር ዊትድ እ.ኤ.አ. በ1980 ባቀረበው ዘዴ ነው። ብርሃን በእውነት ከፀሐይ ተነስቶ ዕቃውን መትቶ ወደ ዓይን ይመጣል። ግን ከፀሐይ ከሚወጣው ጨረር አብዛኛው ዓይናችን ውስጥ አይገባም፤ ያንን ሁሉ መቁጠር ከንቱ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ወደኋላ ይሄዳል። ከካሜራው በእያንዳንዱ የሥዕል ነጥብ በኩል ጨረር ይልካል፤ ጨረሩ መጀመሪያ የመታውን ጡብ ያገኛል፤ ከዚያ ነጥብ ወደ ብርሃኑ ምንጭ ሌላ ጨረር ይልካል። መንገዱ ላይ ሌላ ጡብ ከጋረደው ያ ነጥብ ጥላ ውስጥ ነው። ጡቡ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ደግሞ ተንጸባርቆ የሚሄድ ሦስተኛ ጨረር አለ።

1,920 በ1,080 የሆነ ሥዕል 2,073,600 ነጥቦች አሉት፤ ሥራው በዚህ ልክ ይባዛል። ለአሮጌ ኮምፒውተር ከባድ ነው። ትልቁን እፎይታ የሚሰጠው ጉጦቹን መቀነስ ነው። አንድ ሺህ ሁለት በአራት ጡብ ስምንት ሺህ ጉጥ አለው፤ አብዛኛው በላዩ ሌላ ጡብ ስላለ አይታይም። የሕዋሱን መዝገብ አስቀድመን ስለያዝን «ከላይህ የተያዘ ሕዋስ አለ?» ብሎ ጠይቆ የተሸፈኑትን ጉጦች ሳይሥሉ ማለፍ ቀላል ነው።

በተቃራኒው መጨመር ያለበትም አለ። ጡቦቹ ልክ በልክ ከተነካኩ ግድግዳው አንድ ወጥ ቀለም ይሆንና ጡብነቱ ይጠፋል። በየመሃላቸው ለዓይን የሚታይ ትንሽ ክፍተት ሲተው፣ ጠርዙም በጥቂቱ ሲሞረድ፣ ሥዕሉ ወዲያው ነፍስ ይዘራል። ሰው የሚያምነው ጉድለቱን አይቶ ነው።

ብርሃኑን በተመለከተ የብዙ ፕሮግራሞች ልማድ ከላይ ከግራ ማብራት ነው። ሕንጻችን የጎጃም ከሆነ ግን ፀሐዩም የጎጃም ቢሆንስ? ቢቸናና ሞጣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ዲግሪ ላይ ናቸው። ሚያዝያ 10 ገደማና ነሐሴ 20 ገደማ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በቀጥታ ከአናት በላይ ትሆናለች፤ ያኔ ሬንደር የሚያደርግ ሰው ወደ ጎን የሚወድቅ ጥላ አያገኝም፣ ግድግዳውም ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ይጨልማል። በሰኔ አጋማሽ ደግሞ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል 77 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ስለምትቆም ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ አውሮፓዊ የሠራው የብርሃን ማስተካከያ ይህን አያስበውም። ለሥዕል የሚያምረው የታኅሣሥ ቀትር ነው፤ ፀሐይ በደቡብ 56 ዲግሪ ላይ ስለምትሆን የደቡቡን በርና የጉጦቹን ጥላ አጉልታ ታወጣለች። እነዚህን ማዕዘኖች በመብራቱ ቦታ ላይ መጻፍ አንድ መስመር ብቻ ነው።

መብራት ቢጠፋስ? ሁለት ሰዓት የተሠራ ሥዕል ባዶ አይቀርም። ፖቭሬይ ከተቋረጠበት እንዲቀጥል የሚያዝ ምልክት አለው፤ የመደመር ምልክትና ሦስተኛው የላቲን ፊደል ናቸው። ትእዛዙ ላይ ሲጨመሩ የተሠሩትን ረድፎች ከፋይሉ አንብቦ የቀሩትን ብቻ ይሥላል። በእኛ አገር ይህ ከሌሎቹ አማራጮች ሁሉ ቀድሞ ሊጠና የሚገባው ነው።

አሁን ወደ መነሻ ቁጥሩ እንመለስ። ቢቸና ያለ ተማሪ ፕሮግራሙን ሃምሳ ጊዜ አስነስቶ አንድ ያማረ ቤተ ክርስቲያን አወጣ እንበል። ሞጣ ላለው ጓደኛው ሊያሳየው ይፈልጋል። ሥዕሉ ከባድ ፋይል ነው፤ የጡቦቹም ዝርዝር ሺህ መስመር ሊሆን ይችላል። ሁለቱም አንድ ፕሮግራም ካላቸው ግን ስልክ ደውሎ «4,127 ብለህ ጀምር» ማለት ይበቃዋል። ሞጣ ላይ ያው ራዲየስ፣ ያው መስኮት፣ ያው የጡብ አሰላለፍ እስከ መጨረሻዋ ጉጥ ድረስ ይወጣል። ለዚህም ፕሮግራሙ በጀመረ ቁጥር መነሻ ቁጥሩን በዕጣ መርጦ፣ ለሥዕሉ ፋይል ስም አድርጎ መስጠት አለበት፤ አለበለዚያ ያማረው ነገር አንዴ ታይቶ የማይደገም ይሆናል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ፓይተን በተለያየ ዘመን እትሞቹ መሃል ለመነሻ ቁጥሩ ያንኑ ውጤት እንደሚሰጥ ቃል የገባው ከ0 እስከ 1 ያለውን ክፍልፋይ ቁጥር ለሚያወጣው መሠረታዊ ትእዛዝ ብቻ ነው። «ከ1 እስከ 46 አንድ ቁጥር ስጠኝ» የሚለው ትእዛዝ አሠራሩ ከእትም እትም ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ የቢቸናው ኮምፒውተር አዲስ፣ የሞጣው አሮጌ ከሆነ 4,127 በሁለቱ ከተሞች ሁለት የተለያየ ቤተ ክርስቲያን ሊሠራ ይችላል። መፍትሔው ክፍልፋዩን ወስዶ በ46 ማባዛት፣ ከነጥቡ በኋላ ያለውን መጣል፣ 1 መጨመር ነው። አለዚያም የዕጣውን ቀመር ራስ መጻፍ፤ በ5 ማባዛት፣ 3 መጨመር የሚለውን ዓይነት፣ ግን በ16 ፋንታ ብዙ ቢሊዮን በሚደርስ ቁጥር እያካፈሉ። ያኔም ቢሆን አካፋዩ እንደ 16 ተጋማሽ ከሆነ ጎደሎና ሙሉው መፈራረቁ ስለማይቀር፣ የጡቡን አቅጣጫ ከቁጥሩ የመጨረሻ አኃዝ ሳይሆን ከፊተኞቹ አኃዞች መውሰድ ይገባል።